የጠዋቱ ባልዲ

የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን በዲጂኖ ፈልቅቄ አነሳለሁ። ሽታው ጤና ይስጥልኝ ይለኛል፤ የቆየን ወዳጆች ነን። ታች ቱቦው አፍ ላይ የታሰረው መለኪያ ቅባት ለብሷል። የሰፈሩን ፍሳሽ ደቂቃ በደቂቃ እየለካ ቢሮ ወዳለው ስክሪኔ የሚልከው እሱ ነው።

ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ሰዉ ለቋል። በዚህ ቱቦ ላይ የቀረችው እናቴ ብቻ ናት፤ "እኔንም ከነቤቱ አፍርሱኝ" ብላ እምቢኝ አለች። ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አትሰማም። ስለዚህ ተስማማን፦ ጠዋት ስትነሳ አንድ ባልዲ ውሃ ትደፋለች፤ ስክሪኔ ላይ መስመሩ ብድግ ይላል፤ እኔም "እንደምን አደርሽ እማዬ" ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ባልደረቦቼ "የዚች ልጅ እናት ሰላምታ የምትልከው በቱቦ ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድም ጠዋት ቀርታ አታውቅም። እኔ ግን ሥራ ሲበዛብኝ ክረምቱን ሙሉ ብቅ አላልኩም። መስመሩ ብድግ ካለ ምን ትሆናለች ብዬ!

መለኪያውን ጠርጌ ሳልጨርስ ውሃ እየተንዶለዶለ ይመጣል። የጠዋቱ ባልዲ! ጓንቴን እያወለቅሁ አጠገቡ ወዳለው የእናቴ ግቢ እሮጣለሁ።

"እማዬ!"

ከፍሳሽ መውረጃው አጠገብ ባዶ ባልዲ ይዛ የቆመችው ግን እናቴ አይደለችም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከማይፈርሰው ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ናት። ስታየኝ ባልዲው ከእጇ ይወድቃል።

"ውይ በሞትኩት! አንቺ ነሽ?"

"እማዬስ?"

"አለች… ውስጥ ናት። ከተኛች ከረመች፣ የኔ ልጅ። እግሯ አልታዘዝ አላት። እንንገራት ብላት አስማለችኝ፤ 'ሥራዋን ትታ ትመጣለች፣ ውሃውን አንቺ ድፊልኝ' አለች። የታመመ ሰው ቃል እንዴት ልብላ?"

ክረምቱን ሙሉ እንደምን አደርሽ ስል የከረምኩት ለባልዲ ነው።

እገባለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትከሻዋ አንሶ የልጅ ትከሻ አክሏል። ኮቴዬን አልሰማችም። አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ግን ፍራሹ ዝቅ ሲል ይታወቃታል፤ ሳትዞር ትጠይቃለች።

"ደፋሽው?"

እጇን እይዛለሁ።

"ሁሉንም ደፋሽው ወይ?" ትላለች። "ትንሽ ከሆነ ልጄ አይታያትም።"