የጋሼ ይሻው ነጥብ

ነጥቡ እኮ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ ይህን ልናገረው እንጂ ሆዴ አልችል አለ።

ትዝታ ደብረ ታቦር ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ናት። ነጥብ በነጥብ የለካችውን የጋፋት ኮረብታ ኮምፒውተር ላይ በስሪዲ እየሳለች ነው። ዛሬ ካልላከችው ሥራው ለሌላ ይሰጥባታል፤ ኮረብታው ደግሞ ተበጣጥሶ ወጣ።

ባሕር ዳር ላለው የሥራ ባልደረባዋ ለሞገስ ደወለች።

«አንቺ፣ ዛሬም ሰዓቱን በሀበሻ ሞልተሽው ነው» ብሎ ሳቀባት። «ፕሮግራሙ ነጥቦቹን የሚያገጣጥመው በሰዓታቸው ነው፤ የፈረንጅ እንጂ የኛን አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ስታስተካክለው ኮረብታው ገጠመ። አንድ ነጥብ ብቻ ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀረ፤ ልክ በመለኪያው ዘንግ ቁመት። የተለካበት ሰዓት ደግሞ አሁን ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር።

ያን ዘንግ የሚይዙላት ጋሼ ይሻው ነበሩ። አርባቸው ትናንት ወጣ። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ «ምሳ በላሽ ወይ?» የሚላት ሰው የለም።

ነጥቡን ሰርዛ ኮረብታውን እንደገና ሳለችው። ነጥቡ ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ ላይ ወጣ። ሰረዘችው። ገበያው ጋ ደረሰ። ጋሼ ይሻው ባጃጅ አይወዱም ነበር፤ ከሥራ በእግራቸው ተመልሰው በሩን በዘንጉ ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ አለሽ?» ይሏት ነበር።

አሁን ነጥቡ ቢሮው ደጃፍ ላይ ነው። ጣቷ መሰረዣው ላይ እንዳለ በሩ ሁለቴ መታ መታ ተደረገ።

እናንተ ብትሆኑ ትሰርዙታላችሁ ወይስ ትከፍታላችሁ?