የአኮርዲዮኑ ሰው ኮት

«ያቺ ዘፋኝ ልብስ ፊቴ ላይ የወረወረች ናት» ነበር ልብስ ሰፊዋን ልጅ ያላት የስፌት ቤቱ አለቃ። «ስሟ ትልቅ፣ ምላሷ መርዝ። ስትገቢ አንገትሽን ድፊ፣ ስትወጪ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ።» የሙዚቃ አዳራሹን የምታጸዳው አክስቷ ግን ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እሳቸው? ወገቤን የያዘኝ ጊዜ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው መድረኩን የጠረጉልኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ? አለቃሽ ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል።»

ልጅቷ ከሁለቱ ማንን እንደምታምን ሳትወስን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ቆማለች። ዘፋኟ መስተዋቱ ሥር ተቀምጠው በዝምታ ያዩዋታል። ባለቤታቸው፣ አገር ያወቃቸው አኮርዲዮን ተጫዋች፣ አዲሱን ኮት ለብሰው እንደ ሙሽራ ይዟዟራሉ።

ኮቱ ከመጀመሪያው መቀስ እስከ መጨረሻው ስፌት የእሷ ነው። ብቻዋን ቆርጣ ስትሰፋ የመጀመሪያዋ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎች በሰፉት ልብስ ላይ ቁልፍ ስትተክል ነው የኖረችው። አለቃዋም፣ «ይህ ኮት ከተመለሰ አንቺም ወደ ቁልፍሽ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛ መቀስ ስጠኝ እንዳትዪ» ብሏታል።

«ለካ ትከሻ አለኝ!» አሉ ሽማግሌው በመስተዋቱ ራሳቸውን እያዩ።

«ያንተ መሰለህ?» አሉ ዘፋኟ። «የልጅቷ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው አኮርዲዮኑን አነሡና ማንገቻውን በትከሻቸው አጥልቀው ደረታቸው ላይ አመቻቹት። «በይ እስቲ እናስመርቀው» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

ከአኮርዲዮኑ በፊት ኮቱ ጮኸ። የጀርባው ስፌት ከአንገት በታች እስከ መሃል ተተረተረ፤ ነጩ ሸሚዝ ብቅ አለ።

ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ያኔውኑ ገባት። ሊለኩ የመጡ ቀን፣ «እጅዎን ዝቅ፣ ወገብዎን ቀጥ» ብላ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው አቁማ ነበር የለካቻቸው። አኮርዲዮን ተጫዋች ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይውልም።

ዘፋኟ ከወንበራቸው ተነሡ። ልጅቷ ሳታውቀው ፊቷን ለመከለል እጇን አነሣች። ዘፋኟ አልፈዋት ሄደው የባላቸውን ጀርባ በሁለት ጣት ዳሰሱ።

«እንኳን እዚህ ተቀደደ» አሉ። «መድረክ ላይ ቢሆን ሕዝቡ አዲስ ዜማ መስሎት ያጨበጭብልህ ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሲስቁ ስፌቱ ጥቂት ወረደ።

ልጅቷ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ።»

«የሁለታችሁም ነው። እጅህን ዝቅ ስትዪው ዝቅ፣ ቀጥ በል ስትዪው ቀጥ። እኔን ቤት እንዲህ ቢታዘዘኝ ምን ነበረበት?»

«እኔማ…» አለች ልጅቷ፤ አፏ አምልጧት ቀጠለች። «አለቃዬ ልብስ ወርውረውብኛል ሲል እኔም ላይ የሚወረውሩ መስሎኝ ነው ፊቴን የከለልኩት።»

«አልዋሸሽም፤ ወርውሬበታለሁ» አሉ ዘፋኟ። «ግጥም ጠፍቶኝ ከመድረክ የወረድኩ ቀን ነበር። ልብሱም አላጠፋ፣ እሱም አላጠፋ።» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ተገትረህ ታያታለህ? አውልቅና ተለካላት።»

ሽማግሌው ኮቱን አውልቀው በሸሚዝ ቀሩ፤ አኮርዲዮኑን መልሰው አነገቱት። «ሜትርሽን አምጪ፣ ልጄ። አሁን ስጫወት ለኪኝ።»

ሜትሩን ጀርባቸው ላይ ዘረጋችው። ከሕፃን እስከ አዋቂ በቃሉ የሚያውቀውን የሁለቱን ዘፈን ጀመሩ። በየመኪናው፣ በየጸጉር ቤቱ የምትሰማው ዘፈን ነው፤ እንዲህ አዝግሞ ግን ሰምታው አታውቅም። አኮርዲዮኑ ሲከፈት ጀርባቸው ይሰፋል፤ ሲዘጋ ይጠባል። ቁጥሩ ከጣቷ ሥር እየሸሸ አስቸገራት።

«ፈጠንኩብሽ?»

«ትንሽ፣ አባባ።»

ይበልጥ አዘገሙ። ዘፋኟም በለሆሳስ ተቀበሏቸው። ሽማግሌው አኮርዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ያችኑ አንዲት ድምፅ ይዘው ጠበቋት። ዘፋኟም ቃሉን ሳይጨርሱ ይዘው ጠበቋት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ያዝኩት» አለች። ያኔ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው። ስሙን ሲያዩ ሁለቱም ተጠጓት።

«ወፍሮ ነው በዪው» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስም ከጠፋ የኔ ይጥፋ።»

«ውፍረትህን ማን ያምናል? እንደ ጅራፍ ቀጥነህ!» አሉ ዘፋኟ። ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «እሷ ተናዳ ቀደደችው በዪው። ስለ እኔ ከሆነ ያምንሻል» አሏት።

ልጅቷ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። ሽማግሌው አኮርዲዮኑን ገና አላወረዱም። ዘፋኟ የተቀደደውን ኮት እንደ ሕፃን ክንዳቸው ላይ አስተኝተውታል። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እህ፣ ምን አለች?» አለ አለቃዋ፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ኮቱ ከጀርባው ተቀዷል፣ አለቃ» አለች። «እትዬ ምንም አላደረጉም። አባባን ሲጫወቱ መለካት ሲገባኝ አቁሜ ለክቻቸው ነው። ስፌቱ ውስጥ ያስተረፍኩት ጨርቅ አለ፤ ጀርባውን ፈትቼ እዚሁ እንደገና እሰፋዋለሁ። ሳልጨርስ አልመጣም።»