የውሃ በሩ ሰንሰለት

የመስኖ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሽንኩርት አምራቿን መበለት በድሏታል። ገበሬዎቹ ራሳቸው መርጠው ያቆሙትን የውሃ ኮሚቴ በአንድ ደብዳቤ አፈረሰ፤ የማክሰኞ ተራዋን ነጥቆ ለታችኛው እርሻ ሰጠባት፤ የውሃ በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ድሮ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ከገበሬዎቹ አንዱ ቦዩን ይዞ እስከ ታች እየወረደ «ውሃ መጣ!» ይል ነበር። ኃላፊው ይህንንም ሻረው።

«ውሃም አዋጅ ነጋሪ ይፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ከእሱ ቤት ጀርባ የሚያልፈው ቦይ ሰሞኑን ደርቆ ስለከረመ የሰፈሩ መመላለሻ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ረፋዱ ላይ ሰንሰለቱ ተሰብሮ ተገኘ።

መበለቲቱ ኃላፊው ዘበኛውን አስከትሎ ሲመጣ በመስኮት አየችው። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። መጥረቢያዋን እዚያው የውሃ በሩ ሥር ጥላ መጥታለች። ምድጃው ዳር አንድ እግር ጫማ ይደርቃል። ለአንደበቷ ስለት ሰፈሩ «ምላጭ» ነው የሚላት፤ ዛሬ ግን ምላጩ ዶልዱሟል።

ሰዎቹ ተሰነጣጥቆ የደረቀውን የሽንኩርት መደብ ረግጠው ገቡ።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለ ኃላፊው።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጆሮዋ ጓዳው ላይ ነው።

«ሁለት ሰዓት ላይ በገዛ እጄ ከፍቼ በሰንሰለት የቆለፍኩትን በር ሰብረሽ ትዘጊያለሽ! የመንግሥት ንብረት እኮ ነው! መሬትሽን ትነጠቂያለሽ፤ ገብቶሻል?»

ገብቷታል። ሟች ባሏ የተወላት እሱኑ መሬት ብቻ ነው።

ዘበኛው ጎረቤቷ ነውና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ይቅርታ ይበሉትና ይለፍ» አለ።

እሷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወደ ጓዳው ዞረች።

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አልጋ ተንቋቋ።

«አሃ! ግብረ አበርሽንም ደብቀሻል!» ኃላፊው የዘበኛውን ዱላ ነጥቆ ተንደረደረ። «ውጣ! ማነህ አንተ? ውጣ ብዬሃለሁ!»

እጆቿን ዘርግታ መጋረጃው ፊት ቆመች። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ድምፅዋ ተከተለ።

«ቀስ በል! ልጅህ ገና አሁን ነው ትንፋሿ የተመለሰው፤ ቦዩ ውስጥ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ነው ውሃህ የደረሰባት።»