ለእጇ የሚሆን ኳስ

የቦውሊንግ አዳራሹ ሰዎች «ለኪው» ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይጠራበትም። መግቢያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ኳስ ይሸጣል፣ የገዢውን እጅ ለክቶ የጣት ቀዳዳ ይሰረስራል። አንድ ሰው ሲወረውር ካየ ስለዚያ ሰው ሳያውቀው የቀረ ነገር ያለ አይመስለውም።

ባልና ሚስቱ የመጡት ከምሳ በኋላ፣ አዳራሹ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። የሚስቱን ቦርሳ ያነገተው ባልየው ነበር።

«ለባለቤቴ ኳስ ፈልገን ነበር፣ ጋሼ» አለ። «ቀለል ያለ።»

ለኪው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ስንት ቁጥር ነው የለመድሽው፣ እህቴ?»

ኳሶቹ ላይ ክብደታቸው በቁጥር ተጽፏል። ትልቅ ቁጥር፣ ከባድ ኳስ ነው።

«ስምንት ይበቃታል» አለ ባልየው።

ለኪው ደስ አላለውም። የተጠየቀችው እሷ፣ የመለሰው እሱ! ደግሞ ስምንት ቁጥር የልጅ ኳስ ነው፤ ይቺ ደግሞ ትከሻዋ የሞላ ሴት ናት።

መለኪያውን አውጥቶ ቀኝ እጇን ያዘ። የጣቶቿ አንጓ አብጧል፤ አንጓው ላይ ቆዳው ተልጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች።

«በር ነው» አለ ባልየው ፈጠን ብሎ። «በር መትቷት ነው።»

 የለኪው ታላቅ እህትም «በር ነው» ትል ነበር። ያገባችው ሰው ልክ እንደዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ዘንቢል የሚሸከምላት ሰው ነበር። ዘመድ አዝማዱ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» እያለ ሲያመሰግነው፣ እሷ የፊት ጥርሷን አጣች። ያኔ ለኪው ጠርጥሮ ዝም ብሎ ነበር። ዛሬም ሲያስታውሰው ያንገበግበዋል።

«ነይ እስቲ፣ ስትወረውሪ ልይሽ» አላት።

ሴትዮዋ ያለ ባሏ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ወደ መጫወቻው ሲወርዱ፣ እሱ ደረጃውን ቀስ ብሎ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። የፈራ ሰው እንዲህ ነው፣ አለ ለኪው በሆዱ።

የአዳራሹን ኳስ አንስታ ወረወረች። ማጣመም የለ፣ ማባበል የለ፤ ከትከሻዋ ቀጥ አድርጋ ለቀቀችው። ኳሱ እያጓራ ሄዶ ከወለሉ ጫፍ የተደረደሩትን ፒኖች በታተናቸው።

«ወይ ጉድ!» አለ ለኪው። «ምነው እስከ ዛሬ ተደበቅሽ? አየሽ፣ ኳስ ለሚያጣምም ሰው ወለሉን ያዝ የሚያደርግ ኳስ ነው የምሰጠው። አንቺ ቀጥታ ነሽ። ላንቺ ጠንካራ፣ ልሙጥ ኳስ ነው፤ ያውም ከባድ። ቀላል ኳስ በዚህ ጉልበት ፒኑን ሲነካ ይነጥርብሻል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ቀላሉን ይስጧት» አለ ባልየው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ንዴቱን እያፈነ መሆኑ ነው፣ አለ ለኪው።

«የድሮው ኳስሽ ስንት ቁጥር ነበር?» ብሎ ሴትዮዋን ጠየቃት።

«አሥር» አለች። ድምፅዋን ገና መስማቱ ነው። «እሱ አውጥቶ ጣለብኝ።»

ባልየው አንገቱን ደፋ።

የሰው ኳስ መጣል! ለኪው ደሙ ፈላ። ወደ ሱቁ ተመልሶ ከላይኛው መደርደሪያ አሥራ አምስት ቁጥሩን አወረደ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ተቀብላ መዘነችውና ራሷን ነቀነቀች።

ባልየው ጠረጴዛውን ይዞ ነበር። «እንግዲያውስ እዚሁ ይቀመጥላት፣ ጋሼ። ሳጥን አላችሁ አይደል? ስትመጣ ትጫወትበታለች። ቤት ምን ያደርግላታል?»

«ቤት እወስደዋለሁ» አለች ሚስትየው።

ባልየው ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠ።

ጎሽ፣ የኔ እህት! አለ ለኪው በሆዱ፤ እንዲህ ነው እንጂ። ኳሱን መሰርሰሪያው ላይ አሰረ። ያበጠው እጇ እንዳይጎዳ ብሎ የአውራ ጣቷን ቀዳዳ ትንሽ ለቀቅ አደረገው፤ ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ አለሰለሰው። ስትወረውር ሳይዛት እንዲወጣላት ነው። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ኳስ አልነበረም።

ሴትዮዋ ጣቶቿን አስገብታ ሞከረችው፤ ፈገግ አለች።

«ለእጄ የተፈጠረ ነው፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ኳሱን እንዳቀፈች መኪና ልታስነሳ ወጣች። ባልየው ቦርሳዋን ከወንበሩ ሲያነሳ ለኪው በሩን ዘጋና ክንዱን ጨበጠው።

«ስማኝ» አለው። ዘንድሮ ዝም አይልም። «እጇን አይቻለሁ። ማንም የማያውቅብህ እንዳይመስልህ! ሁለተኛ አንድ ነገር ሆና ባያት፣ ወንድም እንዳላት ቆጥረህ እወቅ። ወንድ ከሆንክ እኔ ላይ ና!»

ባልየው አልተቆጣም። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸና ክው አለ። ከዚያ በሩን በሩን እያየ ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ቅልጥሙ ከመሃል ጎብጧል፤ ቆዳው ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ጠቁሯል።

«ይሄን ያደረገችኝ በአሥር ቁጥሩ ነው» አለ።