አይታጠፍ

ዘአማኑኤል አንዴ ከተናገረ ወደ ኋላ የሚል ሰው አይደለም። ይህን እልኸኝነት ከማን እንደወረሰው ሲጠየቅ «ከአባቴ ነዋ» ይላል። እናቱ ወይዘሮ በላይነሽ አጠገቡ ካሉ ፈገግ ይላሉ።

አባቱ አቶ ፀሐዩ በሕይወት ሳሉ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ይሰበስቡ ነበር። ሽበት አውጥተውም አላፈሩም፤ ሳሪስ አቦ ገበያ ዳር ከሕፃናት ጋር ተቀምጠው ሁለት አጥቂ ሰጥተው አንድ በረኛ ይቀበሉ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ካርዶቹ በሁለት ካርቶን ሆነው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ወይዘሮ በላይነሽ ክፍል ቁምሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

ልጁን ይህ አላስቻለውም። የአባቴ ካርድ አቧራ ሲጠጣ አይኖርም፣ ሰው ያየዋል ብሎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሐዋሳ ካፌ ያለው ኑሪ የሚባል ሰው አየና ሁሉንም ልግዛ፣ ግድግዳዬ ላይ በመስታወት አደርጋቸዋለሁ አለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ መጀመሪያ አንድ በአንድ እየላክህ አሳየኝ፤ የተጎዳ ከሆነ መልሼ እልክልሃለሁ።

«እማዬ፣ ይሁን አይደል?» አለ ዘአማኑኤል።

«ይሁን ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «ብቻ ማሸጉን ለእኔ ተወው። ያንተ እጅ ያልበዋል።»

ማሸግማ ያውቁበታል። ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ነው። ካርዱን ስስ ላስቲክ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከመድኃኒት ካርቶን በቆረጧቸው ሁለት ጠንካራ ወረቀቶች መሃል ያደርጉታል፤ ፕላስተሩን ወረቀቶቹ ላይ እንጂ ካርዱ ላይ አያሳርፉም። ሳንቲም የማያስወጣ፣ ግን ድንጋይ ቢጫንበት የማይበገር ነገር ይሆናል። ለልጃቸው ታሽጎ ያለቀውን ይሰጡታል፤ እሱ በትልልቁ «አይታጠፍ» ብሎ ይጽፍበታል።

የመጀመሪያውን በፖስታ ቤት፣ በፊርማ የሚረከቡትን ዓይነት ላከ። ኑሪ ፎቶ አንስቶ ላከለት። የካርዱ የላይኛው ጥግ ታጥፏል።

ካርዱ ሲመለስ ወይዘሮ በላይነሽ በቀሚሳቸው ጠርገው ካርቶኑ ውስጥ የቀድሞ ቦታው ላይ አስቀመጡት።

«አልሸነፍም» አለ ዘአማኑኤል። «ፖስታ ቤት ውድም ነው። በአውቶቡስ እልካለሁ።»

ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዶ ገዳ ለሚባል የሐዋሳ መኪና ረዳት በእጁ ሰጠው። ሁለተኛውም ጥጉ ታጥፎ ደረሰ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ዘአማኑኤል ደሙ ፈላ። ሳሪስ ያለውን የሞባይል ዕቃ ሱቁን ዘግቶ መናኸሪያ ወረደና ገዳን አንገቱን ሊያንቀው ምንም አልቀረው። ማታ ራት ላይም አልበረደለትም።

«ቆይ፣ ያ ረዳት አይለቀኝም! አለቃው ዘንድ ሄጄ ከሥራው ነው የማስነሳው።»

«የሰው ልጅ እንጀራ ላይ አትምጣ» አሉ እናቱ፣ ቆጣ ብለው። «ልጁ ምንም አላደረገም።»

«በምን አወቅሽ?»

ወይዘሮ በላይነሽ ወጥ ጨመሩለት። «ፖስታው ጭረት እንኳ የለበትም። አላየኸውም?»

ዘአማኑኤል ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እውነት ነው፤ ፖስታው ደህና ነው፣ ጠንካራዎቹ ወረቀቶች ደህና ናቸው፣ ካርዱ ብቻ ነው የታጠፈው። እንግዲያው ያጠፈው የከፈተው ሰው ነዋ። ስልኩን አንስቶ ደወለ፤ እናቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ኑሪ፣ አንተ ነህ የምታጥፈው። አጣጥለህ በርካሽ ልትወስደው ነው!»

«ወንድሜ፣ አላህን ፍራ። በራሴ ወጪ እየመለስኩልህ ምን ላተርፍ ነው?»

«እሺ፣ ነገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ዓይኔ እያየ ትከፍተዋለህ።»

«ና፤ ቤቴ ቤትህ ነው። ግን ይሄም ከታጠፈ እኔ በቃኝ፤ ሌላ ገዢ ፈልግ።»

«ሌላ ገዢ የሚባል የለም!» አለ ዘአማኑኤል፤ እልሁ አናቱ ላይ ወጥቶ ነበር። «ይሄ ከታጠፈ አንዲት ካርድ ከቤታችን አትወጣም። ለማንም! ቃሌ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ወይዘሮ በላይነሽ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ቃልህን ታጥፋለህ?»

«እኔ? አጥፌ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አሉ፤ ገበታውንም አነሱ።

በማግስቱ ዘአማኑኤል ሱቁን ሳይከፍት ቀረ። ለዚህ ጉዞ ተራ ካርድ አይሆንም ብሎ አባቱ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት የነበረውን በረኛ ራሱ መረጠ። ብርሃን ላይ ይዞ አገላብጦ አየው፤ አራቱም ጥጎች ስል ናቸው። ከእጁ አላወጣውም፣ ዛሬ እኔው አሽገዋለሁ ብሎ ነበር፤ ግን የፕላስተሩ ጥቅልል አልቆ ባዶ ቀለበቱ ብቻ ቀርቷል።

«ከደረጃው በታች ሰኪና ሱቅ አይጠፋም፤ ሮጥ ብለህ አምጣ» አሉ እናቱ። «እኔ እስከዚያ ላስቲኩን ላልብሰው።»

«አደራ፣ ጥጉን እንዳትነኪው።»

«ሂድ አሁን፣ መኪናው ያመልጥሃል።»

ወይዘሮ በላይነሽ የእግሩ ኮቴ ከደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ከዚያ በረኛውን ሳም አደረጉና ጥጉን በአውራ ጣታቸው አጠፉት፤ መንገድ ላይ እንዳይጎዳም በጥንቃቄ ያሽጉት ጀመር።