ጥርት ያለ ምስል

ትርሲት ለወላጆቿ አዲስ ቴሌቪዥን ይዛ ስትመጣ አባቷ አቶ ገብረየስ ካርቶኑን እንኳ ሊያስከፍቷት አልፈለጉም።

«ይኼኛው ምን ጎደለው? ጥሩ ያሳያል። መልሺው።»

«አባዬ፣ የዛሬዎቹ እኮ የሰው ሽፋሽፍት ሳይቀር ያሳያሉ።»

«አልፈልግም አልኩሽ» አሉ። ካርቶኑንም ወደ በሩ መልሰው ገፉት። ለአንድ ዕቃ እንዲህ መሆናቸው ልጃቸውን ግራ አጋባት። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ግን ስጦታውን ስለወደዱት አዲሱ ተሰቀለ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት በየሳምንቱ የሚከታተሉት የስደተኞች ፕሮግራም ጀመረ። ልጃቸው ምናሴ በሊቢያ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ ዛሬም ይደውላል እያሉ ይጠብቁታል። የፕሮግራሙ መክፈቻ ያው የተለመደው ነው፤ አንድም ሰው ያልተረፈባት ጀልባ፣ ከመስጠሟ በፊት የተቀረጸች። በአሮጌው ቴሌቪዥን ተሳፋሪዎቹ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው ነበር የሚታዩት። አሁን ግን እያንዳንዱ ፊት ለየብቻው ይለያል።

ወይዘሮ የሺመቤት ምስሉ ሳያልፍ ተነሥተው አንድ ፊት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። አቶ ገብረየስ ቴሌቪዥኑን አላዩም፤ የሚያዩት ሚስታቸውን ነበር።

«አንተ ማን ቤት ነው ያየኸው?» አሏቸው።