ከማሽኑ ማዶ

ጣውላ ከመላጊያው ማሽን ሲወጣ፣ ቀድሞ የወጣውን ጫፍ ማዶ ቆሞ ቀና አድርጎ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ጅራቱ አራት ጣት ያህል በቢላዋው ይበላል። በእንጨት ሥራ ቤቱ ማሽኑን ለምታሠራው ሴት ለሦስት ዓመት የያዙላት ሽማግሌው አናጢ ነበሩ። አንድ ቀን እሳቸው ወጣ ባሉበት ቸኩላ አስገባችና ስድስት የበር ጣውላ አስበላች። አለቃው ሲጮህባት ልጆቿ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት።

"እሳቸው ናቸው የለቀቁት" አለች።

ሽማግሌው አንዴ አዩዋትና መጋዛቸውን ሸክፈው ሄዱ። በወሩ ሞቱ ተባለ።

ዛሬ አለቃው ብቻዋን የላገቻቸውን ጣውላዎች በመዳፉ ዳሰሰ።

"እጅሽ ይባረክ! አንዱም አልተበላም። ማን ያዘልሽ፣ ጂኒ ቀጠርሽ እንዴ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንገቷን ደፍታ የመጨረሻውን ጣውላ አስገባች። ማዶ ማንም የለም፤ ጣውላው ግን ሳይዘነብል ቀጥ ብሎ ወጣ። አሁን በተላገው ገጽ ላይ የአናጢ እርሳስ ጽሑፍ አለ። ፊደል ከቆጠረች ገና አራት ወሯ ነውና በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"ልጄ፣ እኔ ይዤልሻለሁ። አንቺ ብቻ እውነቱን ንገሪው።"

አለቃው ከጀርባዋ ጠጋ አለ።

"ምን ይላል?"